«18 ሊሞላት ነው፣ ወረቀት እንደሌላት ግን አታውቅም»

ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ማሪላንድ ነው፣ ዜግነት ከወሰድኩ ቆይቻለሁ። የእህቴን ልጅ የማሳድጋት እኔ ነኝ። በ2014 በጉብኝት ቪዛ ሳመጣት 6 ዓመቷ ነበር። እህቴ ከዚያ በፊት አርፋ ነበር፣ አባትየው ከነጭራሹ የለም። ቪዛዋ አለፈ፣ እኔም ዛሬ ነገ ስል 12ኛ ክፍል ደረሰች፣ ከ4 ወር በኋላ 18 ይሞላታል። ወረቀት እንደሌላት አታውቅም፣ እኔ ዜጋ ስለሆንኩ እሷም የሆነች ይመስላታል። አሁን ጓደኞቿ መንጃ ፈቃድ አወጡ፣ ስራ ያዙ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ፋፍሳ (የፌደራል የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ሙሉ እያሏቸው ነው፣ እኔ ሰበብ እየፈጠርኩ ደክሞኛል። ሰው ሳማክር አንዱ ዳካ አስገቢላት ይለኛል፣ የማህበር ጓደኛዬ ዜጋ የሆነ ልጅ ፈልገሽ አጋቢያት አለችኝ፣ ታክስ የሚሰራልን ሰውዬ ደግሞ በ3,500 ዶላር አሳይለም (ጥገኝነት) አስገብቼ በ6 ወር ወርክ ፐርሚት (የስራ ፈቃድ) አወጣላታለሁ አለ። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆና ሳልሞት ልያት፣ ለእረፍቷ ላኪያት እያለች ታለቅሳለች። ምን ይሻለኛል? ለልጅቷ ልንገራት ወይስ ነገሩ እስኪስተካከል ዝም ልበል?»

እህቴ፣ ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ደብዳቤሽ ላይ ትልቁ ነገር ዳካ አይደለም፣ አሳይለምም አይደለም፣ «እህቴ አርፋ ነበር፣ አባትየው ከነጭራሹ የለም» ብለሽ በግማሽ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። እሱን ይዘሽ እስከዛሬ አንድ የኢሚግሬሽን ሎየር ጋ አለመግባትሽ ነው የቆጨኝ። በልጅነቱ መጥቶ ወረቀት ያጣ ልጅ ሁሉ የማያገኘው መንገድ ያንቺ ልጅ ሊኖራት ይችላል፣ ግን በእድሜ የሚዘጋ መንገድ ስለሆነ ዛሬ ነገ ማለቱ እዚህ ላይ ይብቃ። እኔ ሎየር አይደለሁም፣ ይሄን የምጽፍልሽ ሎየር ፊት ስትቀመጪ ምን እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ግራ እንዳትጋቢ።

መጀመሪያ ዳካን እናንሳና እንገላገለው፣ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። ዳካ በልጅነታቸው መጥተው ወረቀት ላጡ ልጆች የተሰራ ነው፣ ኮንግረስ ያወጣው ህግ ግን አይደለም። ድሪም አክት የሚባለው ረቂቅ ከ2001 ጀምሮ እየተነሳ እየወደቀ፣ በ2010 መጨረሻ ላይ ታችኛው ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ውስጥ 55 ድምጽ አግኝቶ 60 ስላልሞላ ሲቀር፣ ኦባማ በጁን 2012 በአስተዳደር ውሳኔ ያመጡት ነገር ነው። ለ2 ዓመት ዲፖርት አትደረግም ይላል፣ ወርክ ፐርሚት ይሰጣል፣ ከዚያ ይታደሳል፣ በቃ። ግሪን ካርድ ብሎ ነገር የለውም። ይሄም ሆኖ ከ800 ሺህ በላይ ልጆች በእሱ ተምረዋል ሰርተዋል፣ አልናቅኩትም። ያንቺ ልጅ ግን አትገባበትም፣ ምክንያቱም አመልካቹ ከጁን 15 2007 ጀምሮ አሜሪካ ሲኖር የቆየ መሆን አለበት፣ እሷ ደግሞ በዚያ ቀን ገና አልተወለደችም! ቀኑ ደንቡ ከወጣ ጀምሮ አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ ዛሬ ሀይስኩል ያሉት ወረቀት የሌላቸው ልጆች አብዛኞቹ ውጪ ቀርተዋል፣ ሰዉ ግን አሁንም «ዳካ አለ አይደል?» ይላል። በዚያ ላይ ትራምፕ በ2017 ሊዘጉት ሞክረው ሱፐሪም ኮርት በ2020 5 ለ 4 አካሄዱ ልክ አይደለም ብሎ አቆማቸው፣ ከዚያ በ2021 ቴክሳስ ያሉት ዳኛ አንድሩ ሄነን ፕሮግራሙ ራሱ ህገወጥ ነው ብለው ፈረዱ፣ ከዚያ ወዲህ የነበራቸው እያደሱ ሲኖሩ አዲስ አመልካች ተንጠልጥሎ ነው የቀረው። ስለዚህ «ዳካ ላስገባላት» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሌባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ስፔሻል ኢሚግራንት ጁቨናይል የሚባል ነገር አለ፣ ሎየሮቹ ኤስአይጄ እያሉ ነው የሚጠሩት። ይሄኛው እውነተኛ ህግ ነው፣ ከ1990 ጀምሮ አለ፣ በ2008 ደግሞ ሰፋ ብሎ ልጁን የጣለው ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ቢሆንም ይበቃል ተባለ። ወላጅ ለጣለው፣ ችላ ላለው ወይም ለበደለው፣ አሜሪካ ውስጥ ላለ ልጅ የተሰራ ነው። ልጁ ማመልከቻው ሲገባ ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት፣ ያላገባ መሆን አለበት፣ እዚሁ ሀገር ውስጥ መሆን አለበት። በዱር በገደል የገባ ይሁን በቪዛ መጥቶ ያለፈበት ለውጥ አያመጣም። ብዙ አበሻ ይሄን ነገር የማያውቀው ድንበር አቋርጠው ለሚመጡ የመካከለኛው አሜሪካ ልጆች ብቻ ስለሚመስለው ነው መሰለኝ፣ እኛ ሰፈር ደግሞ አክስት ጋ፣ አያት ጋ፣ ታላቅ ወንድም ጋ የሚያድግ ልጅ ስንት ነው!

አሰራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምትሄዱት ኢሚግሬሽን ጋ አይደለም፣ የስቴቱ ፍርድ ቤት ነው፣ እናንተ ዘንድ የካውንቲው ሰርኪት ኮርት ማለት ነው። እዚያ አንቺ ህጋዊ ጋርዲያን (አሳዳጊ) ልሁን ወይም ከስተዲ (የማሳደግ መብት) ይሰጠኝ ብለሽ ታመለክቻለሽ። ዳኛው ሶስት ነገር በጽሁፍ እንዲያሰፍሩ ይጠየቃል። ልጅቷ በፍርድ ቤቱ ውሳኔ በአንቺ ጥበቃ ስር መሆኗን፣ አባቷ ስለጣላት ከእሱ ጋር መኖር የማይቻል መሆኑን፣ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ለእሷ የማይበጅ መሆኑን። የእናትየው ሞት ደግሞ ራሱን ችሎ እንደ ምክንያት ይቆጠር እንደሆነ ስቴቱ ላይ ስለሚወሰን እሱን ለሎየሩ ተይው፣ አንቺ ግን ሁለቱንም ንገሪው። ዳኛው ወረቀት አይሰጡም፣ ስለ ልጅቷ ኑሮ እውነቱን ነው የሚያረጋግጡት። ያ ውሳኔ ሲወጣ ነው አይ-360 የሚባለው ፎርም ተሞልቶ ኢሚግሬሽን የሚገባው።

እና እዚህ ላይ ማሪላንድ መኖርሽ ጠቅሞሻል። ብዙ ስቴት ውስጥ እንዲህ ያለው ፍርድ ቤት ልጅ ብሎ የሚያየው እስከ 18 ነው፣ 18 ከሞላ በኋላ የፌደራሉ ህግ እስከ 21 ቢፈቅድም ውሳኔውን የሚሰጥ ዳኛ ይጠፋል። ማሪላንድ ግን በ2014 ህጉን አሻሽሎ ለዚህ ጉዳይ ሲሆን እስከ 21 ድረስ ዳኞቹ ማየት እንዲችሉ አድርጓል። ስለዚህ ከ4 ወር በኋላ ሰማይ አይደፋም፣ ተረጋጊ። ግን ደግሞ ወረፋው ረጅም ስለሆነ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው፣ ቤት ኪራይ ረከሰ ብለሽም ሎየር ሳታማክሪ ሌላ ስቴት እንዳትገቢ።

ደስ የማይለውንም ልንገርሽ። አይ-360 ጸደቀ ማለት ግሪን ካርድ ተሰጠ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ለዚህ ክፍል የሚሰጠው ቪዛ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ተራ ይጠበቃል፣ ተራው ደግሞ በዓመታት ነው የሚቆጠረው። ተራቸው እስኪደርስ ልጆቹ ዲፖርት እንዳይደረጉና ወርክ ፐርሚት እንዲያገኙ በ2022 መንግስት ፖሊሲ አውጥቶ ነበር፣ በ2025 ያንን አነሳውና ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ፣ ስለዚህ ስትገቢ ያለበትን ሁኔታ ሎየሩን ጠይቂው። በግልጽ ለማለት፣ ይሄ ነገር ሲጸድቅ ከአይስ (ከኢሚግሬሽን ፖሊስ) ሙሉ ጋሻ አይሆናትም፣ ምናልባትም ወርክ ፐርሚት ሳይኖራት ጥቂት ዓመት ልታልፍ ትችላለች። ቢሆንም መጨረሻው ግሪን ካርድ የሆነ መንገድ ነው፣ ዳካ እንኳ እንደዛ አይደለም። ሌላ ደግሞ፣ በዚህ መንገድ ግሪን ካርድ ያገኘ ልጅ ኋላ ዜጋ ቢሆን እንኳ ወላጆቹን ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። አባትየው ድንገት «ልጄ» ብሎ ቢመጣ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም እንደሌለ ይወቀው፣ እንዲህ ሲሆን አንዳንዱ ዘመድ ቶሎ ይረጋጋል።

«እኔ ዜጋ ነኝ፣ ለምን በኔ አይሆንም?» ማለትሽ አይቀርም። አክስት የእህቷን ልጅ ስፖንሰር የምታደርግበት መንገድ የለም። ማደጎ ብትወስጂያት ኖሮ ደግሞ ለኢሚግሬሽን የሚቆጠረው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ ማደጎ ነው፣ በዚያ ላይ 2 ዓመት በህጋዊ ጥበቃሽ ስር አብራሽ መኖር አለባት። እሱ አልፏል። አሁን ሰው «ማደጎ አድርጊያት ይሆናል» ቢልሽ ለወረቀቱ አይሆንም። ይሄን የሚያነብ ሌላ አክስት ወይም አጎት ካለ ግን፣ ቤታችሁ 13 14 ዓመት የሆነው የወንድም ልጅ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ።

የማህበር ጓደኛሽ ነገር። ልጅቷ ገና 17 ዓመቷ ነው፣ ስለ ጋብቻ የምናወራው ለምንድነው? ቆይ እሱን ልተወውና ስለ ወረቀቱ ብቻ ላውራ። አንደኛ፣ ኤስአይጄ ያላገባ ልጅ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ያቺ ወዳጅሽ እንዳለችው ብታደርጊ ያለውን አንድ ጥሩ መንገድ በገዛ እጅሽ ዘጋሽው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለወረቀት ተብሎ የተደረገ ጋብቻ ከተደረሰበት ወደፊት በእውነት አፍቅራ ብታገባ እንኳ ማንም ለእሷ ሊያመለክትላት አይችልም፣ ወንጀልም ነው፣ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር ያስቀጣል። በቪዛ ስለገባች አንድ ቀን አድጋ ዜጋ የሆነ ሰው ወዳ ብታገባ ከሀገር ሳትወጣ ግሪን ካርድ ልታገኝ የምትችልበት እድል አለ፣ እሱ የሷ የወደፊት ኑሮ ነው፣ ያንቺና የማህበርተኞችሽ አጀንዳ አይደለም። ለዚህም ቢሆን ስትገባ ፓስፖርቷ ላይ የተመታው ማህተምና አይ-94 የሚባለው መግቢያ ወረቀት ወርቅ ነውና ፈልጊው።

ታክስ የሚሰራው ሰውዬ ጋ እንምጣ። «በ6 ወር ወርክ ፐርሚት» የሚለው ከሜዳ አልመጣም፣ ሲሰራበት በቆየው ደንብ አሳይለም ያስገባ ሰው 150 ቀን ጠብቆ ያመለክትና 180 ቀን ሲሞላ ፐርሚት ሊያገኝ ይችላል። ሰውዬው የሚሸጥልሽ ያንን ሰዓት ነው። ፐርሚቱ ከመጣ በኋላ ልጅቷ ዳኛ ፊት ቀርባ በ6 ዓመቷ ጥላው ስለመጣችው ሀገር ምን ብላ ልትናገር ነው? እሱ የጻፈላትን? ውሸት መሆኑ ከታወቀና ዳኛው ሆን ተብሎ የተፈበረከ ነው ብሎ ከወሰነ እድሜ ልኳን ምንም አይነት የኢሚግሬሽን ጥቅም እንዳታገኝ ይከለክላታል፣ ኤስአይጄውም አብሮ ይሄዳል። እርግጥ እውነተኛ ስጋት ካላት አሳይለም መብቷ ነው፣ መጥተሽ በ1 ዓመት ውስጥ አመልክቺ የሚለው ገደብም ለልጆች የሚላላበት ሁኔታ ስላለ ሎየሩ ይየው። የታክስ ሰው ግን ታክስ ይስራ! ኢሚግሬሽን ላይ እንዲያማክር ህግ የሚፈቅድለት ፈቃድ ያለው ሎየር ወይም የፍትህ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ወኪል ብቻ ነው።

ቲፒኤስን (ሀገራቸው ችግር ላይ ላለ ሰዎች የሚሰጠውን ጊዜያዊ ጥበቃ) በተመለከተ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን በዲሴምበር 2022 ሲወጣ ፈርተሽ እንዳላስመዘገብሻት ጽፈሽልኛል፣ ሆኗል። እሱ ጊዜያዊ ነው፣ መንግስት ሲፈልግ ያራዝመዋል ሲፈልግ ያነሳዋል፣ በሱ ላይ እቅድ አይሰራም።

እናትሽን በተመለከተ፣ አዝኛለሁ፣ ግን ልጅቷን እንዳትልኪ። ህጉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለፈቃድ የቆየበትን ጊዜ አይቆጥርበትም፣ ልጅ ናት ጥፋቱ የሷ አይደለም ነው ነገሩ። 18 በሞላት ማግስት ግን ቆጠራው ይጀምራል። ከ180 ቀን በላይ ቆይታ ከሀገር ከወጣች ለ3 ዓመት፣ ከ1 ዓመት በላይ ቆይታ ከወጣች ለ10 ዓመት ተመልሳ እንዳትገባ ትታገዳለች፣ ቅጣቱ ደግሞ የሚነሳው እዚህ ስትቀመጥ ሳይሆን ስትወጣ ነው፣ ሰው የማይገባው ይሄ ነው። «እንግዲያው 18 ሳይሞላት ቶሎ ደርሳ ትምጣ» እንዳትዪ፣ እገዳው ባይነካትም የድሮ ቪዛዋ ቀኑ ሲያልፍ አብሮ ወድቋል፣ አዲስ ቪዛ ልትጠይቅ ስትቀርብ በጉብኝት ቪዛ ገብታ አስራ ምናምን ዓመት የኖረች መሆኗ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ኤስአይጄውም እዚህ ሀገር ካልሆነች አይሰራም። የሚገርመው ለእህትሽ ልጅ የማይሰራው ዜግነትሽ ለእናትሽ ይሰራል፣ ዜጋ ልጅ እናቱን ሲያመጣ የዓመት ኮታ አይመለከተውም። ቪዛ አሰጣጡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አሁን ያለበትን አጣሪ፣ ግን አያትየው ወደዚህ የሚመጡበትን ብታስቢ ይሻላል፣ በስልክም ቢሆን «ላኪያት» ማለታቸውን እንዲተው እውነቱን አስረጃቸው፣ ልጅቷ ላይ ጸጸት እንዳይጭኑባት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፣ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል። ንገሪያት፣ በዚህ ሳምንት፣ ሎየር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት። ነገሩ እስኪስተካከል ብለሽ መጠበቅ የማትችይበት ምክንያት የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስቢው፣ ከጓደኛዋ ጋር የገበያ ማዕከል ሄዳ ስራ ታመለክታለች፣ ማናጀሩ ታብሌት ይሰጣታል፣ አይ-9 የሚባለው ፎርም ይመጣል፣ አራት ሳጥን አለው፣ የመጀመሪያው «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ይላል። እሷ ዜጋ የሆነች ስለሚመስላት ያለምንም ክፋት እሱን ትነካለች፣ ትፈርማለች። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ህግ ከሁሉም የከፋው ነገር ነው፣ ስርቆት እንኳ አንዳንዴ ይቅር ይባላል፣ ይሄ ግን በአብዛኛው መንገድ እድሜ ልክ የሚከለክል ነው፣ አላወቀችም ነበር ብሎ መከራከር ቢቻልም የሚያስተማምን አይደለም። መንጃ ፈቃድ ቢሮም እንደዚሁ፣ ማሪላንድ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ዜጋ ከወዲሁ ለምርጫ መመዝገብ ይችላል፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወይም ስክሪኑ «መመዝገብ ትፈልጊያለሽ?» ሲላት አዎ ካለች አለቀ። ሲቪክስ ክፍልም ምዝገባ ቅጽ ይዘው ይመጣሉ። ሌላው ማሪዋና ነው፣ ማሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዷል፣ ፌደራል ህግ ግን አልፈቀደም፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ ፌደራል ነው፣ ጓደኞቿ እየሳቁ የሚያደርጉት ነገር እሷን ከግሪን ካርድ ሊያስቀራት ይችላል። ይሄን ሁሉ አንቺ ሰበብ እየፈጠርሽ ልትጠብቂላት አትችይም፣ ራሷ ማወቅ አለባት።

አነጋገርሽ ላይ ትንሽ ልበል። መኪና ውስጥ አትንገሪያት፣ ፈተና ባለባት ሳምንትም አይሁን። ቤት ውስጥ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ረጅም ሰዓት ባለሽ ቀን ይሁን። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፣ «የመጣሽበት ቪዛ አልፏል፣ እኔ ዜጋ ብሆንም አንቺ አይደለሽም፣ አንቺ ያጠፋሽው ምንም ነገር የለም፣ ሎየር ቀጠሮ ይዣለሁ አብረን እንሄዳለን» ብለሽ አስቀምጪው። ቀጠሮውን ቀድመሽ ያዢ፣ ባዶ ወሬ ይዘሽ አትቅረቢ። ትናደዳለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዋሸሽኝ» ትላለች፣ በእንግሊዝኛ ትጮህብሽ ይሆናል፣ ያኔ «ላንቺው ብዬ ነው» እንዳትዪ፣ ልጆች ከሁሉም የሚጠሉት ያቺን አባባል ነው። ፈርቼ ነው በያት፣ እውነቱም እሱ አይደል? ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። አንድ ሳምንት ላታናግርሽ ትችላለች፣ ተያት። ለማን እንደሚነገር ከዚህ በኋላ የምትወስነው እሷ ናት፣ ላንቺ ይህ ይከብድሻል ምክንያቱም ማህበር ላይ አውርተሽዋል። ወዳጅሽን ደውለሽ ከዚህ በኋላ ይሄን ነገር እንዳታነሺ በያት፣ ከቤተክርስቲያን ግቢ በሌላ ሰው አፍ ብትሰማው የባሰ ነው የሚሆነው።

ትምህርቷ አልተዘጋም። እስካሁን ያለምንም ጥያቄ የተማረችው ሱፐሪም ኮርት በ1982 ፕላይለር በተባለው የቴክሳስ ጉዳይ ወረቀት የሌለውን ልጅ የህዝብ ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም ብሎ ስለፈረደ ነው። ኮሌጅ ላይ ያ ፍርድ አይሰራም፣ ስቴቱ ነው የሚወስነው። የማሪላንድ ህዝብ በ2012 ራሱ ድምጽ ሰጥቶ ያጸደቀው፣ ከኮንግረሱ ረቂቅ የተለየ የስቴቱ ድሪም አክት አለ፣ እዚያው ሀይስኩል የተማረና ቤተሰቡ ታክስ የሚከፍል ልጅ ወረቀት ባይኖረውም የስቴቱን ነዋሪ ክፍያ እንዲከፍል ይፈቅዳል፣ ከሌላው ክፍያ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ፋፍሳውን አትሞላም፣ የፌደራል ብር ስለማይሰጣት ዝም ብሎ ስሟን መላክ ነው የሚሆነው። በሱ ፋንታ ማሪላንድ ኤምኤስኤፍኤኤ የሚባል የራሱ ማመልከቻ አለው፣ ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉት የተሰራ ነው። እሷ ከፈቀደች ካውንስለሯን አናግሩ፣ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። መንጃ ፈቃዱም ቢሆን ከ2014 ጀምሮ ማሪላንድ ወረቀት ለሌለው ሰው በታክስ ማስረጃ የሚሰጠው አለ፣ ለፌደራል ጉዳይ አያገለግልም የሚል ተጽፎበት፣ ግን ኬዟ ሲጀመር ሎየሩን ጠይቃችሁ ብታወጡት ነው የሚሻለው።

አይስ በር ቢያንኳኳስ? ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ካልያዙ በር አለመክፈት ይቻላል፣ አይስ ራሱ የሚያወጣው ወረቀት የዳኛ ማዘዣ አይደለም፣ በበሩ ስር አስገቡልኝ ብሎ ፊርማውን ማየት ነው። የት ተወለድሽ ለሚለው ጥያቄ ዝም ማለት መብቷ ነው፣ መዋሸት ግን አይሆንም፣ ያልገባትን ወረቀትም አትፈርም። የሎየሩን ስልክ በቃሏ ትያዘው።

ሎየር ስትፈልጊ «ኤስአይጄ ኬዝ ማሪላንድ ውስጥ ሰርተህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጀምሪ፣ አሳይለም ጎበዝ የሆነ ሁሉ የቤተሰብ ፍርድ ቤት አያውቅም። ገንዘብ ካጠረሽ አዩዳ የሚባለው ድርጅት በዲሲ፣ በማሪላንድና በቨርጂኒያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ይሰራል፣ ካቶሊክ ቻሪቲስም አለ፣ ወረፋ ስላላቸው ሁለቱም ጋ ደውዪ። 100 ፐርሰንት ያልቅልሻል ያለሽ ጋ አትቀመጪ። የምትከፍይው በደረሰኝ፣ ውሉ በጽሁፍ፣ የሚገባው ፎርም ኮፒ በእጅሽ ይሁን።

ይዘሽ የምትሄጂው ወረቀት ላይ አሁኑኑ ስራ ጀምሪ፣ ከኢትዮጵያ ወረቀት ማስመጣት ጊዜ ስለሚወስድ። የእህትሽ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጅቷ የልደት ሰርተፊኬት ከነትርጉሙ፣ ፓስፖርቷና አይ-94ቷ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንቺን እንደ አሳዳጊ የሚያሳይ የትምህርት ቤትና የሀኪም ወረቀት፣ እሷን ያስመዘገብሽበት ታክስ ካለ እሱም። የልደት ቀኗን በደንብ እዪው! የልደት ሰርተፊኬቱ በእኛ አቆጣጠር ሆኖ ፓስፖርቱ ሲሰራ በስህተት የተገለበጠ ልጅ ብዙ ነው፣ በእድሜ የሚወሰን ኬዝ ላይ ደግሞ በሁለት ወረቀት ሁለት ልደት ካለ ጣጣ ነው፣ ልዩነት ካገኘሽ አንቺ ቀድመሽ ለሎየሩ ንገሪው እንጂ ራስሽ ለማስተካከል እንዳትሞክሪ። የፓስፖርቱ ቀን አልፎ ከሆነም ማሳደሻውን ጠይቂው፣ ኋላ ያስፈልጋታል። አባትየውን የሚያውቅ ዘመድ ካለ መቼ እንደታየ፣ አንድ ቀን እንኳ ብር ወይም ልብስ ልኮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂና ጻፊ፣ ፍርድ ቤቱ ለእሱ ማስታወቂያ እንዲደርሰው ስለሚጠይቅ አድራሻው ከታወቀም አትደብቂ። በህይወት ካለና ሊፈርም ፈቃደኛ ከሆነ ነገሩ ሊቀል ይችላል፣ ግን ከእሱ ጋር ማውራት የሚጀመረው ሎየሩ ምን እንደሚጻፍ ከነገረሽ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት በዘመድ በኩል መልእክት እንዳትልኪ።